የኩሽና ሦስት ማዕዘን ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ዕቃችንን ደሴ ያራገፍን ዕለት ፍሪጁ ሳሎን ቀረ። ተሸካሚዎቹ «የት እናድርገው?» ሲሉ ከመካከላችን ያሰበበት ሰው አልነበረም። ከእኛ በፊት የኖሩት ሰዎች የሳሎኑ ጥግ ላይ ያቆሙት እንደነበር ግድግዳው ላይ የቀረው ንጹሕ አራት ማዕዘን ይመሰክራልና «እዚያው» አልን። ሁለት ወር ሙሉ ለአንድ ቲማቲም ኮሪደር ስናቋርጥ ከረምን።

ኩሽናው ያረጀ ነው። የችፑድ ካቢኔቱ እግሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ቢጫው ቀለም ከምድጃው በላይ በዘይት ጠቁሯል፣ አንደኛው መሳቢያ ሲጎተት ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። ሐሳባችን ሁሉ ሴራሚክና አዲስ ካቢኔት ላይ ነበር። ዋጋ ስንጠያይቅ ሰንብተን፣ በግንባታ ሥራ ላይ ያለ አንድ ዘመዳችን ለቡና መጥቶ ኩሽናውን ገልመጥ አደረገና «ቀለሙን ተዉት፤ ሦስት ማዕዘኑ የት አለ?» አለን። ቃሉን የሰማሁት ያኔ ነው።

የኩሽና ሦስት ማዕዘን ማለት ፍሪጁን፣ ዕቃ ማጠቢያውንና ምድጃውን በሐሳብ መስመር ስናያይዛቸው የሚወጣው ቅርጽ ነው። አብሳይ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው በእነዚህ ሦስቱ መካከል ነው፤ ከፍሪጁ ያወጣል፣ ማጠቢያው ላይ ያጥባል፣ ይከትፋል፣ ምድጃው ላይ ይጥዳል፣ ተመልሶ እጁን ይታጠባል። ልኩም የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ጎን ከ1.2 ሜትር ያላነሰ፣ ከ2.7 ሜትር ያልበለጠ ይሁን ይላል። ሦስቱ ጎኖች ሲደመሩ ደግሞ ከ4 እስከ 7.9 ሜትር። ከዚያ ካነሰ ክርን ለክርን መጋጨት ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ምግብ ማብሰሉ ቀርቶ መንገደኛ መሆን። ሌላም ይጨመርበታል፦ ወደ ጓሮ ወይም ወደ ሳሎን የሚያልፍ ሰው መስመሮቹን እየቆረጠ እንዳይሄድ።

ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሊሊያን ጊልብሬዝ የምትባል መሐንዲስ ከባሏ ጋር ሆና የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኞችን እንቅስቃሴ ታጠና ነበር፤ አንድ ግንበኛ ጡብ ለማንሳት ስንት ጊዜ ይጎነበሳል ዓይነት ጥናት። ባሏ በ1924 ሲሞት ፋብሪካዎች ሴት አማካሪ አንቀበልም አሏት። 12 ልጆች የወለደች ሴት ናትና ያንኑ ዕውቀቷን ይዛ ወደ ኩሽና ዞረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ባደራጀችው ኩሽና ውስጥ አንዲት ሴት የእንጆሪ ኬክ ስትሠራ ቀድሞ 281 የነበረው እርምጃ ወደ 45 ወረደ ይባላል። ሦስት ማዕዘን የሚለውን ደንብ በልኩ ያስቀመጡት ደግሞ በ1940ዎቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስለ አነስተኛ ቤቶች ያጠኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ዋና ጉዳይ ወጪ መቀነስ ነበር።

እኔም ሜትር ይዤ ለካሁ። ከማጠቢያው እስከ ምድጃው 3.4 ሜትር፣ ከምድጃው እስከ ሳሎኑ ፍሪጅ 8.6፣ ከፍሪጁ ተመልሶ ማጠቢያው ጋ 7.5። ድምሩ 19.5 ሜትር! በማግስቱ ጠዋት ሽሮ ስሠራ እግሬን ታዘብኩት። ሽንኩርቱ ኩሽና ነው፣ ቃሪያው ፍሪጅ፤ ቅቤው ፍሪጅ፣ ማንኪያው ኩሽና። ቅቤውን ይዤ ስመለስ ሽንኩርቱ ጠርዙ አሯል። ሽሮው ፈላ ስል ደግሞ ሎሚ ትዝ አለኝ።

አሁን ጥያቄው ከሦስቱ የትኛው ይነሳ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማጠቢያው መስኮት ሥር ቢሆን ያምራል ብሎ ከእሱ ይጀምራል፤ ከሁሉ አስቸጋሪው ግን እሱ ነው። ንጹሕ ውሃ በግፊት ስለሚመጣ ቧንቧው ሽቅብም ቁልቁልም ይሄዳል። ቆሻሻው ውሃ ግን የሚሄደው በራሱ ክብደት ነው፤ መውረጃው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ካልሄደ ውሃው ይተኛል፣ ቅባቱ ይረጋል፣ ሽታ ይመጣል። ማጠቢያውን ሁለት ሜትር ማራቅ ወለል መቆፈርና ሴራሚክ መሰባበር ማለት ነው። ምድጃው ይቀላል። ፍሪጅ ግን የሚፈልገው ሶኬት ብቻ ነው፤ ከጀርባው አየር የሚያልፍበት ትንሽ ክፍተት ይኑረው፣ ከምድጃው ጎን አይለጠፍ እንጂ። ስለዚህ የእኔ ምክር ማጠቢያውን ባለበት ትቶ ሌሎቹን ወደ እሱ ማምጣት ነው።

ለመናገር ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ፍሪጅ የሳሎን ዕቃ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ለስላሳው ከፊቱ ይወጣለታል፣ አናቱ ላይ ዳንቴልና የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል። አማቴ ወሬውን ስትሰማ «ፍሪጅ ኩሽና ገብቶ ጭስ ሊጠጣ ነው?» አለች። «ጭስ የለም እኮ፣ እማማ፤ ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው» አልኳት። «ተው ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።» ተረቱ እውነት ነው፣ ወጡ አልጣፈጠም። ጉልበቴ ግን አርፏል። ደግሞ ጉልቻም ቢሆን ሦስት ነው፤ የእሱ ሦስትነት ድስት ለመሸከም ነው እንጂ መንገድ ለማሳጠር አይደለም።

የአሜሪካኖቹ ንድፍ ወሎ ላይ እንዳለ አይሠራም። ዋናው ጎዶሎ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። ከፍሪጁና ከምድጃው ጋር በአንድ መስመር ከተሰካ ሶኬቱ ቀልጦ ሽታው ሳሎን ይደርሳል፤ ለብቻው ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ምጣድ በየቀኑ ስለማይጣድ ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ባይገባ ችግር የለውም። ይልቅ የራሱ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለው፦ ቡሃቃው፣ ምጣዱና የወጣው እንጀራ የሚበርድበት ቦታ። አማቴ ስትጋግር ቆሜ አየሁ። በቀኝ እጇ ከቡሃቃው ሊጥ በጣሳ ትቀዳለች፣ ከጠርዝ ጀምራ እየዞረች ወደ መሃል ታፈሳለች፣ ዓይን ሲያወጣ ትከድናለች። ክዳኑን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል፣ ሰፌዱን ታስገባለች፣ ወደ ግራ ዞር ብላ ታንሸራትታለች። እግሯ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም፤ የሚዞረው ወገቧ ብቻ ነው። ጊልብሬዝ አይታት ቢሆን ሜትሯን ታጥፍ ነበር። ያን ሁሉ እንፋሎት የሚያስወጣ መስኮት ግን ግድ ነው፤ እኛ ምጣዱን ከጓሮ በሩ አጠገብ ያደረግነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የማጠቢያው ማዕዘን ቧንቧው ላይ ሳይሆን በርሜሉ ላይ ነው። ማጠቢያው አምሮ ተሠርቶ በርሜሉ በረንዳ ላይ ከሆነ የለካችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሮቶ ጣሪያ ላይ ያለው ሰው በዚህ አይቸገርም፤ የሌለው በርሜሉን ከማጠቢያው በአንድ እርምጃ ውስጥ ያድርገው።

የደሴ ከፍታም አለ። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ የሚቀቀል ነገር ይዘገያል። ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ሳለን ቶሎ ይበስልልን የነበረው ባቄላ እዚህ ሲያስጠብቀን ባቄላውን ነበር የምንወቅሰው። ምድጃው አጠገብ ብዙ ስለሚቆም፣ ብርሃንና አየር ለእሱ ማዕዘን ቅድሚያ ይገባዋል።

ሌላው፣ ሦስት ማዕዘን የተሰላው ለአንድ አብሳይ ነው። አንድ አብሳይ ብቻ ያለበት የወሎ ኩሽና የትኛው ነው? ለአረፋም ለገናም ጎረቤት ይገባል፤ አንዷ ትከትፋለች፣ አንዷ ታማስላለች፣ አንዷ ወሬ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች (እሷን የሚያስቆም ንድፍ አልተገኘም)። የአሜሪካ የኩሽና ባለሙያዎችም ይህን በኋላ አስተውለው በካቢኔቶች መካከል የሚተወው መተላለፊያ ለአንድ ሰው 107፣ ከአንድ በላይ ለሆኑ 122 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብለዋል። እኛ 120 ነው ያገኘነው።

አንድ ስህተታችንን ልንገራችሁ። ካቢኔቱን የሠራልን ቤት ግድግዳውን ለካ፣ ፍሪጁን አልለካም፤ እኛም አላስታወስነውም። ተገጥሞ ሲያልቅ የፍሪጁ በር ከካቢኔቱ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ግማሽ ብቻ ይከፈታል፤ የአትክልት መሳቢያው አይወጣም። ለካ የብዙ ፍሪጅ በር ማጠፊያው ተፈትቶ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ብሎን ጠፋ፣ ተገኘ። ለአናጢ ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት የፍሪጁ በር በየት በኩል እንደሚከፈት እዩ።

ምድጃውን ከበሩ አጠገብ አንስተን ወደ ማጠቢያው አቀረብነው፣ 1.9 ሜትር። ከምድጃው እስከ ፍሪጁ 2.4፣ ከፍሪጁ እስከ ማጠቢያው 2.3። ድምሩ 6.6 ሜትር ሆነ። ቀለሙ ግን እስካሁን ያው ቢጫ ነው፤ ገንዘቡ ለሽቦውና ለካቢኔቱ አለቀ።

ሳሎን ውስጥ ፍሪጁ የቆመበት ጥግ ላይ አሁን የአማቴ ረከቦት አለ። ከሰሉን መስኮት ከፍታ ታያይዛለች፤ በተዘጋ ኩሽና ውስጥ ከሰል ከማቀጣጠል ይሻላል። ቶናው ላይ ስኳር ሲያልቅ «እስቲ አንዴ ከኩሽና» ትለኛለች፣ እኔም ኮሪደሩን አቋርጣለሁ።