ሴሚ አውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ምንድን ነው?

ሴሚ አውቶማቲክ የሚባለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ገንዳዎች ያሉት ሲሆን፣ አንደኛው ያጥባል፣ ሁለተኛው ይጨምቃል፤ ውኃ የመሙላቱ፣ ልብሱን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው የማሻገሩና እጣቢውን የማፍሰሱ ሥራ ግን ለሰው የተተወ ነው። «ሴሚ» ያሰኘውም ይኸው ነው።

በማጠቢያው ገንዳ ወለል ላይ ክንፍ ያለው የፕላስቲክ ዲስክ አለ። የደቂቃ መቁጠሪያው ሰዓት ሲጠመዘዝ ሞተሩ ዲስኩን ጥቂት ወደ ቀኝ ያዞረውና ያቆመዋል፣ መልሶም ወደ ግራ ያዞረዋል። አቅጣጫው ባይቀያየር ልብሱ እንደ ገመድ በተገመደ ነበር፤ እየተቀያየረም ቢሆን በእኛ ቤት ነጠላ ከሸሚዝ እጅጌ ጋር እየተጠላለፈ ስላስቸገረ በእጅ ብቻ እንዲታጠብ ተወስኖ ነበር።

መጭመቂያው ጠባብና ዙሪያውን የተበሳሳ ሲሆን በደቂቃ 1300 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል፤ ልብሱን ግድግዳው ያስቀረዋል፣ ውኃው ግን የሚያግደው ስለሌለ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ብዙ ሰው «ማድረቂያ» ቢለውም ሙቀት ስለሌለው አያደርቅም፤ ልብሱ ገመድ ላይ መሰጣቱ አይቀርም። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ማሽኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ የእኛው ማሽን ጂንስ ሱሪ በገባበት ቁጥር ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ በሩ ይጓዝ ነበር። እናቴ ክዳኑን ከፍታ ታስቆመዋለች፣ ሱሪውን ዙሪያውን እኩል ታዳርሰዋለች፣ ስሷን የፕላስቲክ መጫኛ ከላይ አድርጋ እንደገና ትዘጋዋለች።

ይህ ማሽን ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች የተወደደው ግን ስለ መጭመቁ ብቻ አይመስለኝም። ሙሉ አውቶማቲኩ የቧንቧ ግፊት ሲጠብቅ፣ ይህኛው ከበርሜል በጆግ እየተቀዳ ይሞላል፤ ደግሞም አንዱ የኦሞ ውኃ ሦስት ዙር ያገለግላል፦ መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ ባለቀለሙ፣ መጨረሻ ካልሲውና የሥራ ልብሱ። ሙሉ አውቶማቲኩ ለየዙሩ አዲስ ውኃ ይወስዳል።

አብዛኞቹ ፓምፕ ስለሌላቸው ቱቦው ወደ ወለል ካልወረደ እጣቢው አይወጣም። ሳይታሰብ ወርዶ ከተረሳ ደግሞ ለባለቀለሙ የተቀመጠው የሳሙና ውኃ በሙሉ ወደ ግቢው ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ጆጉን ይዞ ወደ በርሜሉ የሚመለሰው ቱቦውን የነካው ልጅ ነበር።