«ስቴሽን» ማሰራጫ ጣቢያ አይደለም
ሐዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ ግርጌ ካለ ቢሮ ሐይቁ ዳር ወዳለ መጋዘን ኢንተርኔትን በገመድ አልባ ሬዲዮ ለማሻገር የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው በ«ስቴሽን» ነው። ቃሉ ማሰራጫ ጣቢያ ይመስላል። በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ አክሰስ ፖይንቱ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን የሚያሰራጨው ሬዲዮ፣ ይጠራል፤ ስቴሽኑ፣ ማለትም ከዚያ የሚቀበለው፣ አቤት ይላል። ሁለቱም ስቴሽን ከተደረጉ ሁለቱም ጠሪ ሲጠብቁ ይውላሉ። እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የመታኝ በዚሁ ምክንያት ነው።

ሞዱሌሽን ደግሞ መረጃው በሞገዱ ላይ የሚጫንበት መንገድ ነው። ዓይነቶቹ ብዙ ናቸው፦ ኪውፒኤስኬ የሚባለው በአንድ ምልክት 2 ቢት (ቢት የመረጃ ትንሹ አሃድ ነው) ይጭናል፤ 64 ኳም የሚባለው 6 ቢት፣ 256 ኳም 8 ቢት። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ 256 አይመረጥም? ቢቱ በበዛ ቁጥር ምልክቶቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ትንሽ ረብሻ ሲገባ ተቀባዩ አንዱን ከሌላው መለየት ይሳነዋል። ደቃቅ የእጅ ጽሑፍን በኩራዝ ብርሃን እንደ ማንበብ ማለት ነው። የተበላሸው እንደገና ይላካል፣ ይፈጥናል የተባለው መስመር ይንቀራፈፋል። ሐይቅ ባለበት ደግሞ ከውኃው ገጽ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ከቀጥተኛው ጋር ተደርቦ ሊያዳክመው ይችላል።

ስለዚህ ሞዱሌሽኑን «አውቶ» ላይ ይተዉት፤ መሣሪያው እንደ ሲግናሉ ጥራት ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከፍተኛውን ገደብ በእጅ መቀነስ የሚያስፈልገው መስመሩ ደጋግሞ ሲቆራረጥ ነው። ያኔም ቢሆን ቁጥር ከመነካካት በፊት ነፋስ አንቴናውን አዙሮት እንደሆነ ወጥቶ ማየት ይቀድማል።