የኪራይ ጣሪያ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ለእናት ለአባቱ ቤት ሲያፈላልግ የከረመ ሰው ይህን ያውቀዋል። «አፎርዳብል ሲኒየር ሃውዚንግ»፣ ማለትም አቅምን ያገናዘበ የአረጋውያን ቤት፣ የሚል ማስታወቂያ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ እናቱን ይዞ ይሄዳል። ቢሮው አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። 30%፣ 50%፣ 60% የሚሉ ረድፎች አሉበት። 60% በሚለው ረድፍ ባለአንድ መኝታው 1,260 ዶላር ይላል። እናት ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከመንግሥት ጡረታው፣ በወር የሚያገኙት 1,400 ነው። «ታዲያ ይሄ ለማን ነው አፎርዳብል የሆነው?» ይላሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የኪራይ ጣሪያ ማለት የመንግሥት ድጎማ ያገኘ ሕንፃ ከዚህ በላይ እንዳያስከፍል የተቀመጠለት ገደብ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ግን አንድ ነገር አለ። ጣሪያው የሚሰላው ከተከራዩ ገቢ አይደለም። ከአካባቢው ገቢ ነው።

ስሌቱን አብረን እንየው። የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ሃድ የሚባለው፣ በየዓመቱ የየአካባቢውን መካከለኛ ገቢ ያወጣል። ቤተሰቦች ሁሉ በገቢያቸው ቅደም ተከተል ቢሰለፉ መሀል ላይ የሚቆመው ማለት ነው። ለምሳሌ ለአራት ሰው ቤተሰብ 120,000 ዶላር ነው እንበል። 60 በመቶው 72,000 ይሆናል። ለሁለት ሰው ወደ 57,600፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ወደ 50,400 ይወርዳል። ባለአንድ መኝታ ቤት «አንድ ተኩል ሰው» እንደሚኖርበት ስለሚቆጠር የሁለቱ አማካይ ይወሰዳል፤ 54,000። የዚህ 30 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል 1,350 ይመጣል። መብራቱን ተከራዩ ራሱ የሚከፍል ከሆነ ለዚያ የተገመተው፣ 90 ዶላር ቢሆን፣ ይቀነሳል። 1,260ው የመጣው ከዚህ ነው።

እናት የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ኪራያቸው የተሰላው ግን ለአንድ ተኩል ሰው ነው። የዓመት ገቢያቸው 16,800 ሆኖ ሳለ፣ ስሌቱ 54,000 የሚያገኝ ሰውን ይዞ ነው የተነሣው። ሕንፃው ምንም ሕግ አልጣሰም። እሳቸው ግን ከፍለው መኖር አይችሉም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ድጎማው ታዲያ የት ገባ? ሕንፃ የሚሠራ ሰው የባንክ ብድሩን የሚከፍለው ከኪራይ ነው። ኪራዩ ጣሪያ ካለው ብዙ መበደር አይችልም። ያንን ክፍተት የሚሞላው ድጎማው ነው። ትልቁ በፈረንጆቹ 1986 የወጣው የታክስ ክሬዲት ነው። በዚህ አሠራር መንግሥት ለአልሚው ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ለ10 ዓመት የሚቆይ የግብር ቅናሽ ይሰጣል። ቅናሹን ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች ይወስዱትና በምትኩ ለግንባታው ገንዘብ ያስገባሉ። በዚያ ላይ የካውንቲ ብድርና የንብረት ግብር ቅናሽ ሊደረብበት ይችላል። እያንዳንዱ ገንዘብ የራሱን ገደብ ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ረድፍ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሄ ሁሉ የሚያቀልለው የሕንፃውን ወጪ ነው። የተከራዩን ወጪ የሚያቀልል ሌላ ዓይነት ድጎማ አለ። መንግሥት ከኪራዩ ከፊሉን የሚከፍልበት ሴክሽን ኤይት አንዱ ነው። በ1959 የተጀመረውና 62 ዓመት ለሞላቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆነው ሴክሽን 202 ሌላው ነው። በእነዚህ ቤቶች ኪራዩ በአብዛኛው የተከራዩ ገቢ 30 በመቶ ነው። 1,400 የሚያገኙት እናት ወደ 420 ይከፍላሉ ማለት ነው። ከኪሳቸው የሚከፍሉት የሕክምና ወጪ ብዙ ከሆነ ከዚያም ሊቀንስላቸው ይችላል። ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። ችግሩ ወረፋው ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ቢሮው ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ኪራዩ በገቢያቸው ነው የሚሰላው ወይስ የተቆረጠ ዋጋ ነው?» ብላችሁ ነው። የተቆረጠ ነው ካሏችሁና እናት የሴክሽን ኤይት ቫውቸር፣ ማለትም ኪራዩን የሚደጉም ወረቀት፣ ካላቸው፣ የታክስ ክሬዲት ሕንፃ ቫውቸር ስለያዙ ብቻ ሊመልሳቸው አይችልም። ሕጉ ይከለክለዋል። ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች ደጃፍ ላይ ደርሰው ይመለሳሉ።

ሌላው፣ ጣሪያው ከዓመት ዓመት ይንቀሳቀሳል። በአካባቢው ሀብታም ሰው ሲበዛ መካከለኛው ገቢ ከፍ ይላል፤ ጣሪያውም አብሮ ይወጣል። የእናት ሶሻል ሴኩሪቲ ግን አካባቢውን ተከትሎ አይጨምርም።

ገደቡ ራሱም ዕድሜ አለው። ከ1990 ጀምሮ ክሬዲት ያገኙ ሕንፃዎች ቢያንስ ለ30 ዓመት እንዲጠብቁት ሕጉ በመሠረቱ ያዛል፤ አንዳንድ ስቴቶች ከዚያም ያስረዝሙታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ሕንፃ ከሆነ ጊዜው አልቆ ወይም እያለቀ ሊሆን ይችላል። የኪራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት «ገደቡ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።