«ሲስተር፣ የአንጎሌ ሴል አልቋል መሰለኝ»

ይህችን ነገር ድባቴ (ዲፕሬሽን) ከያዛቸው ሰዎች በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማታለሁ። የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። ድሮ «መተት ተደርጎብኝ ነው» የሚለኝ ይበዛ ነበር። አሁን ቲክቶክ መጣና «ሴሌ ሞቶ ነው» ሆነ። የመተቱን እንኳ እንዴት እንደምመልስ ለምጄው ነበር።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላራግፍና ወደ ዋናው ልግባ።

«ደበረኝ ማለትና ድባቴ አንድ ነው።» አይደለም። መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚደብረው ሁሉ ታማሚ ቢሆን ኖሮ ወረፋችን ሌላ ከተማ ይደርስ ነበር። ድባቴ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን ሙሉ በሚባል ሁኔታ የሚቆይ ነው። እንቅልፍንም፣ የምግብ ፍላጎትንም፣ ሥራንም ይነካል።

«ሰው የአንጎሉን አሥር በመቶ ብቻ ነው የሚጠቀመው።» ሙሉውን ነው። እንለፍ።

«አዋቂ ሰው አዲስ የአንጎል ሴል አይወለድለትም።» በዚህኛው ማንንም አልወቅስም፤ ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲያስተምር ኖሯል። ጆሴፍ አልትማን የሚባል ተመራማሪ በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) በአዋቂ አይጦች አንጎል ውስጥ አዲስ ሴል አየሁ ቢል ሰሚ አላገኘም። በ1998 ግን በሰውም ታየ። ስዊድን ውስጥ ካንሰር ታመው የነበሩ ሰዎች፣ ለበሽታቸው ክትትል ሲባል የሚከፋፈል ሴልን የሚያመለክት ንጥረ ነገር ተወግተው ነበር። ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር ምልክቱ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ላይ ተገኘ። በ2013 ደግሞ የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከኒውክሌር ቦምብ ሙከራ አየር ላይ የቀረውን ካርበን 14 ተከትለው የሴሎቹን ዕድሜ አሰሉ። በአንጎል በእያንዳንዱ ጎን በቀን ወደ 700 የሚጠጉ አዳዲስ ሴሎች ይወለዳሉ አሉ። ደስ ይላል። ግን አንጎላችን በጠቅላላው ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴል እንዳለው አትርሱ።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በ2018 አንዱ ቡድን «ከልጅነት በኋላ አላገኘንም» ሲል፣ ሌላው በወር ልዩነት «እስከ 79 ዓመት አለ» አለ። በ2025 ካሮሊንስካዎች እንደገና መጥተው አዲስ ሴል የሚወልዱትን እናት ሴሎች በአዋቂዎች አንጎል ውስጥ አሳዩ። ክርክሩ ቀጥሏል። በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቁርጡን የሚነግራችሁን ሰው ጠርጥሩት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ድባቴ ማለት የአንጎል ሴል መሞት ነው።»

ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ድባቴ የተመላለሰባቸው ሴቶች በኤምአርአይ ሲታዩ፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከሌሎቹ ሴቶች አንሶ ተገኘ። በጆሮ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ የባሕር ፈረስ የሚመስል፣ ለማስታወስ የሚያገለግል ክፍል ነው። አዲስ ሴል ይወለዳል የሚባለውም እዚያ ነው። ጥናቱ «አነሰ» አለ። ሰዉ «ሞተ» ብሎ ተረጎመው።

አነሰና ሞተ ምን አገናኛቸው? የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ማክዩን አይጦችን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ እያስጨነቀ አይቷል። የነርቭ ሴሎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ያጠሩት ቅርንጫፎቻቸው ናቸው። ጭንቀቱ ሲቆም ቅርንጫፉ መልሶ አደገ። የተጎነደለ ቡና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለማያውቅ ሰው የተቆረጠና ያበቃለት ነው የሚመስለው። በድባቴ ሲሠቃዩ ኖረው ያረፉ ሰዎች አንጎል ሲመረመርም በጅምላ ያለቀ ሴል አልተገኘም። በእንስሳት ላይ የሚታየው፣ ጭንቀት ሲበዛ አዲስ የሚወለደው ሴል ቁጥር መቀነሱ ነው። መወለድ ቀነሰ ማለት የነበረው አለቀ ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ከመሰላችሁ አንዲት እናት ላምጣላችሁ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ስትሪፕ ፍሉኦክሰቲን፣ የድባቴ መድኃኒት፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ስምንቱ ተበልቷል፣ ሁለቱ አለ።

«ልጄ፣ ይኸው መልሼዋለሁ» አሉኝ። «የኔው ልጅ ነው በስልኩ ያየው። የሞተ ሴል በክኒን አይነሳም አለኝ። ደግሞም ማቅለሽለሽ እንጂ ሌላ ያተረፍኩት የለም። እህልም ገለባ ገለባ ይለኛል።»

ስምንት ቀን! የእነዚህ መድኃኒቶች ጣጣ ይኸው ነው። ማቅለሽለሹ በመጀመሪያው ሳምንት ከተፍ ይላል፤ ጥቅሙ እስኪታይ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሰው መካከሉ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

የአዲስ ሴል ወሬ ከድባቴ ጋር የተጋባውም በዚሁ መዘግየት ነው። በ2000 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦች ለሳምንታት የድባቴ መድኃኒት ሲወስዱ የአዲስ ሴል ቁጥር ጨመረ፤ ለጥቂት ቀን ሲወስዱ ግን አልጨመረም። በ2003 የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሬኔ ሄን ቡድን የአይጦቹን ሂፖካምፐስ በጨረር መትቶ አዲስ ሴል እንዳይወለድ አደረገ። መድኃኒቱ መሥራቱን አቆመ። ያኔ ሁሉም «አገኘነው!» አለ።

አልተገኘም። ኬታሚን የሚባለው መድኃኒት ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ሲያቀል ታይቷል፤ አዲስ ሴል ግን ተወልዶ ሥራ ለመጀመር ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞ አዲስ ሴል የተከለከለች አይጥ ሁሉ ድባቴ አይይዛትም። ስለዚህ አዲስ ሴል የታሪኩ አንድ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ታሪኩ ግን አይደለም።

ወዲያ ደግሞ ተቃራኒው ወገን አለ። «አንጎል ራሱ ሴል ያበቅላል፤ ክኒኑን ጣልና ሩጥ» የሚለው። ሩጫ የአይጥን አዲስ ሴል መጨመሩ እውነት ነው። በ2011 በወጣ ጥናት ደግሞ 120 አረጋውያን በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በእግራቸው የሄዱት ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ጨምሯል። እንቅስቃሴ ለድባቴም ይረዳል። እኔም አዛለሁ። ግን ከአልጋ ተነስቶ ፊቱን መታጠብ ያቃተውን ሰው «ሩጥ» ማለት ቀልድ ነው። መጀመሪያ ከሰው ጋር እስከ ሰፈሩ ሱቅ ደርሶ ይመለስ።

ክኒን ለማቆም የፈለገ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ቀስ እያለ ይቀንስ። በድንገት ሲቋረጥ መፍዘዝ አለ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚል ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ቤተሰብ ዓይኑን አይንቀልበት። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ይዛችሁት ኑ። «ሴል ያበቅላል» ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠውን እንክብልስ? ገንዘባችሁን ለትራንስፖርት አስቀምጡት። «ሴል ያበቅላል» የሚባለውን ለውዝም ከወደዳችሁ ብሉ፤ ያው ለውዝ ነው።

እናትዬዋን አስቀምጬ ከሐኪሙ ጋር አገናኘኋቸው፤ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር እንዲወስዱ ተነገራቸውና ቀጠሉ። በሰባተኛው ሳምንት ከልጃቸው ጋር መጡ። «ሲስተር፣ ትናንት ሽሮዬ ጨው እንደበዛበት ታወቀኝ» አሉ፣ እየሳቁ።

ልጁ ጣልቃ ገባ። «ሴሉ በቀለ ማለት ነው?»

በሕይወት ባለ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አዲስ ሴል የሚቆጥር መሣሪያ የለም አልኩት። የቀጣዩን ወር ቀጠሮ ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ።