ባለ መዓዛ የብርጭቆ ሻማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለ መዓዛ ሻማ የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ ከምን ሰም እንደተሠራ ያነባል፣ ከዚያ ይከፍላል። ክሩን ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ቤት ገብቶ ሲለኮስ ግን ብርጭቆውን የሚያጠቁረውም፣ መሃሉን ብቻ ቦርቡሮ ዳር ዳሩን ሳይነካ የሚያስቀረውም በአብዛኛው ክሩ ነው። ስለ ሻማ ሲነገሩ ከምንሰማቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የመጡት ክሩን ትቶ ሰሙን ብቻ ከማየት ነው።

“የሚነደው ክሩ ነው፤ ሰሙ ክሩን ደግፎ ለማቆም ነው”

ክሩም ይቃጠላል፣ ግን በጥቂቱ። እሳቱ የሚመገበው ሰሙን ነው። ነበልባሉ ከሥሩ ያለውን ሰም ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው፣ ጫፉ ውሃ የነካ ጨርቅ እንደሚርሰው ሁሉ፣ በክሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተንና ትነቱ ይቃጠላል። ማየት ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ። ሻማው እንደጠፋ ከክሩ ነጭ ጭስ ይነሣል። ወዲያውኑ የበራ ክብሪት ከክሩ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ጭሱ ውስጥ ቢያስገቡ እሳቱ ጭሱን ተከትሎ ወርዶ ክሩን ይለኩሰዋል። ያ ጭስ ተንኖ የወጣ ሰም ነው።

እንግዲህ ክር ማለት የነዳጅ ቧንቧ ነው። ወፍራም ወይም ረጅም ከሆነ እሳቱ አቃጥሎ ከሚጨርሰው በላይ ሰም ያቀርባል፤ ቀጭን ከሆነ ደግሞ እሳቱ ይራባል። የቀረውን ነገር ሁሉ በዚህ ማስረዳት ይቻላል።

“ጥላሸት የሚያመጣው ፓራፊን ነው፤ የአኩሪ አተር ሰም ንጹህ ነው”

ፓራፊን የሚገኘው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው። የአኩሪ አተር ሰም ደግሞ የዘሩ ዘይት ሃይድሮጂን ተጨምሮበት እንዲጠጥር የተደረገ ነው። ምንጫቸው ቢለያይም ሁለቱም፣ የንብ ሰምም ጭምር፣ ካርቦን የሞላባቸው ነገሮች ስለሆኑ ሲቃጠሉ ጥላሸት ይፈጥራሉ። እንዲያውም የነበልባሉ ቢጫ ብርሃን ከጋሉ የጥላሸት ቅንጣቶች የሚወጣ ነው። ነበልባሉ የተረጋጋ ከሆነ ቅንጣቶቹ ወደ ዳር ሲወጡ ኦክስጅን አግኝተው እዚያው ተቃጥለው ያልቃሉ። ሲረበሽ ወይም ከአቅሙ በላይ ሰም ሲቀርብለት ግን ሳይቃጠሉ ያመልጣሉ፤ የብርጭቆው አፍ ላይ፣ ሲብስም ጣሪያው ላይ ያርፋሉ።

ስለዚህ ጥላሸትን የሚቀንሰው መቀስ ነው። ሻማው በተለኮሰ ቁጥር፣ ከመለኮሱ በፊት፣ ሰሙ ቀዝቅዞ ጠጥሮ እያለ፣ ክሩ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲቀር ይቆረጣል። ለሰዓታት የነደደ ክር ጫፉ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ጥቁር ጉብታ ይቋጥራል። ይህ የተከማቸ ካርቦን ነው። እንዳለ ቢለኮስ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይወላገዳል፣ ከጫፉም ቀጭን ጥቁር ጭስ ይመዛል። ቁራጩ ሰሙ ላይ ከወደቀ ብርጭቆውን ገልብጦ ማራገፍ ነው። የክር ቁራጭ፣ የክብሪት ስባሪ ወይም አቧራ የቀለጠ ሰም ውስጥ ከቀረ እንደ ሁለተኛ ክር ሆኖ ሊቀጣጠል ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው አደጋ ይህ ነው።

ክሩ ተቆርጦ፣ ሳያዘነብልም፣ ብርጭቆው በአንድ ወገን ብቻ ከጠቆረ ጥፋቱ የአየር ሽውታ ነው። ከጠቆረው ጎን ትይዩ ያለውን ይመልከቱ፤ የተከፈተ መስኮት፣ ቬንትሌተር ወይም ሰው የሚመላለስበት በር አያጡም።

ስለ ሰሙ ዓይነት ለመጨረስ፦ “የአኩሪ አተር” ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ሻማ ከፓራፊን ጋር የተቀላቀለ ነው፤ “100 በመቶ” ካላለ ቅልቅል ነው ብሎ መገመት ይሻላል። መቀላቀሉ ግን ነውር አይደለም። የአኩሪ አተር ሰም ለስላሳ ነው፣ ረጋ ብሎ ይነዳል፤ ፓራፊን ደግሞ መዓዛውን ወደ ክፍሉ በመልቀቅ ይበልጣል።

“ክሩ ውስጥ ሽቦ ካለ እርሳስ ነው፣ መርዝ ነው”

ፍርሃቱ መነሻ አለው። ዱሮ ክር ቀጥ ብሎ እንዲቆም መሃሉ ላይ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ ይገባ ነበር። አሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ክር በሕግ ከልክላለች። አሁን ሽቦ ከተገኘ የሚጠበቀው ዚንክ ወይም ቆርቆሮ ነው። አምራቹ ያልታወቀ አሮጌ ሻማ እጅዎ ላይ ካለ ያልተለኮሰውን የሽቦ ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ ያሹት። እርሳስ ከሆነ ግራጫ መስመር ያሰምራል፤ ዚንክ ወይም ቆርቆሮ አያሰምርም። (የምንጽፍበት እርሳስ ግን ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።)

“ለመቆጠብ በየጊዜው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ማብራት ይሻላል”

ይህ ሻማ ከሚያባክኑ ልማዶች ሁሉ የከፋው ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚቀልጠው በክሩ ዙሪያ ያለው ብቻ ነው። ሲጠፋ ያ ይጠጥራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እሳቱ በዚያው በለሰለሰው መሃል ይወርዳል። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ዙሪያው ያልነደደ የሰም ግድግዳ፣ ከታች ደግሞ አየር ያጠረውና በራሱ ሰም የሚሰምጥ ትንሽ ነበልባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ የቀለጠው ሰም ዳር ሊደርስ እስኪቃረብ መታገሥ ያስፈልጋል። ለስሌት ያህል ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሰዓት ይያዝለት። የብርጭቆው አፍ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜ ከሌለዎት ያን ቀን አያብሩት። ጣሪያው ደግሞ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ሰሙ በጣም ይግላል፣ ክሩ ይጎብጣል፣ ነበልባሉም ይረዝማል። አጥፍቶ፣ እስኪጠጥር ጠብቆ፣ ክሩን ቆርጦ እንደገና መለኮስ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስፈልገው የሚጨነቅበት ነገር አለ። ሻማው ገና ከላይ እያለ በብርጭቆው ጎን ላይ ስስ ሰም ቢቀር ችግር አይደለም። እሳቱ ወደ ታች በወረደ መጠን ብርጭቆው ስለሚግል ያ ስስ ሰም በኋላ ራሱ ቀልጦ ይወርዳል። እንዲያውም አዲስ ሻማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳር እስከ ዳር ከቀለጠ ክሩ ለብርጭቆው ወፍራም ነው ማለት ነው፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ከመጠን በላይ ያግለዋል። በሌላ በኩል ስፋቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ብርጭቆ አንድ ቀጭን ክር ብቻ ካለው ዳር አይደርስም፤ ሲገዙ ሁለት ወይም ሦስት ክር ያለውን ይምረጡ። ሦስት ክር ያለውን ለመቆጠብ ብለው አንዱን ብቻ አይለኩሱ፤ ያንኑ ጉድጓድ በጎን በኩል መሥራት ነው።

የተቦረቦረውን ማዳን ይቻላል። ክሩን ለኩሰው የብርጭቆውን አፍ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑ፤ መሃሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቀዳዳ ይኑር። ፎይሉ ሙቀቱን ወደ ዳር ይመልሰዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ፣ ግድግዳው ይቀልጣል። አጠገቡ ሆነው ይከታተሉ፤ ፎይሉን በባዶ እጅ አያንሡ፣ ይፋጃል። ክሩ ጨርሶ ከተዋጠ ደግሞ የላዩን ሰም በፀጉር ማድረቂያ አቅልጠው የተረፈውን በሶፍት ይምጠጡት፤ ክሩ 5 ሚሊ ሜትር ብቅ እስኪል።

“መዓዛው ከደከመ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው”

አያድርጉት። ፋብሪካ ውስጥ ዘይቱ ከቀለጠ ሰም ጋር በልክ ይዋሃዳል፤ የተለመደው መጠን ከሰሙ ክብደት ከ6 እስከ 10 በመቶ ነው። 200 ግራም ሰም በ8 በመቶ ሲሠራ 16 ግራም ዘይት ይገባበታል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰሙ መያዝ ስለሚያቅተው ዘይቱ ላዩ ላይ እንደ ላብ ይወጣል፣ ክሩን ይደፍናል፣ ጭሱን ያበዛል። በሚነድ ሻማ ላይ የተጨመረ ጠብታ ደግሞ ከሰሙ ጋር ሳይዋሃድ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ድንገት ሊቀጣጠል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የደከመው አፍንጫዎ እንጂ ሻማው አይደለም። አንድ ሽታ ሳይለወጥ ሲቆይ አፍንጫ ይለምደውና መስማቱን ይተዋል። ከክፍሉ ለ10 ደቂቃ ያህል ወጥተው ይመለሱ፤ በር ላይ ከተቀበለዎት ሻማው ሥራውን እየሠራ ነው። ካልተቀበለዎት የቀለጠውን ሰም ይዩ። መዓዛው በዋናነት የሚተነው ከዚህ ላይ ነውና ጠባብ ከሆነ ሽታው ትንሽ ነው። ሰፊ ሆኖም ካልሸተተ ክፍሉ ለአንድ ሻማ በዝቶበታል።

መደብር ውስጥ ክዳን ከፍቶ ማሽተትም እንዲሁ ያሳስታል። ቀዝቃዛ ሰም ቀድሞ የሚሰጥዎት ፈጥነው የሚተኑትን፣ እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉትን ነው። እንደ ቫኒላና የእንጨት መዓዛ ያሉት ከባዶች ጎልተው የሚወጡት ሰሙ ሲሞቅ ነው። ቀዝቃዛው ላይ ራስ የሚያዞር ሻማ ሲነድ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

“የተፈጥሮ ዘይት ስለሆነ አይጎዳም፣ አየሩንም ያጸዳል”

ሻማ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ትነትና ደቃቅ ብናኝ ያወጣል። መጥፎ ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም፤ ለንብ ሰምም ቢሆን ይኸው ነው። ከዕፅዋት የተጨመቁ ዘይቶች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሊሞኒንና ሊናሎል የተባሉት ውህዶች አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ናቸው፤ “ተፈጥሯዊ” የሚለው ቃል ይህን አይለውጥም። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት መዓዛ የሌለው ሻማ ይሻላል። ወፍና ድመት ያሉበትም ጥንቃቄ ይሻል። ሻማው ከጠፋ በኋላ መስኮት መክፈት ለማንም ይጠቅማል።

“ነጭ ነጠብጣብ ከያዘ ተበላሽቷል”

አልተበላሸም። በአኩሪ አተር ሰም ላይ የሚታየው አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር የሰሙ ክሪስታል ነው። ከብርጭቆው ጎን እርጥብ የሚመስል ጥላ ከታየ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ኮምትሮ ከብርጭቆው ተላቋል ማለት ነው። ነጭ የነበረ የቫኒላ ሻማ ወደ ቡናማ ቢዞር ያደረገው የቫኒላን መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን የተባለ ውህድ ነው። ሦስቱም አነዳዱን አይነኩትም።

“የመጨረሻዋ ጠብታ እስክታልቅ መንደድ አለበት”

ከታች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰም ሲቀር ሻማው አልቋል። ክሩ የቆመው በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ነው፤ ከላዩ ሰም ሲያልቅ የነበልባሉ ሙቀት በቀጥታ ወደ ብርጭቆው ወለል ይሄዳል፣ ብርጭቆው ሊሰነጠቅ ወይም ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ ሊያሳርር ይችላል። በዚሁ ምክንያት ሻማውን ሁልጊዜ ሙቀት በሚችል ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ መጋረጃም ሆነ መጽሐፍ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

“ለማጥፋት እፍ ማለት ይበቃል፤ ካስቸገረ ውሃ”

እፍ ሲሉ ትኩስ ሰም ይረጫል፣ ክፍሉም በጭስ ሽታ ይሞላል። ደህናው መንገድ ክሩን በሽቦ ወይም በረጅም ወረንጦ ወደ ቀለጠው ሰም ደፍቆ ወዲያው ቀና ማድረግ ነው። ጭስ የለውም፣ ክሩም ሰም ስለለበሰ በሚቀጥለው ጊዜ በቀላሉ ይለኮሳል። ክዳን መጫንም ይሠራል፣ ብረት ከሆነ። ውሃ ግን በፍጹም። ከሰም ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሰሙ እጅግ ግሎ ከሆነ ውሃው በአንዴ ወደ እንፋሎት ተለውጦ የሚነደውን ሰም ወደ ላይ ይተፋዋል። የጋለው ብርጭቆም ሊፈነዳ ይችላል።

“ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ዕድሜውን ያረዝማል”

ከተለኮሰ በኋላ ቅዝቃዜው ቶሎ ይጠፋል፤ ሰሙና ብርጭቆው ግን በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ዕድሜውን ማወቅ ከፈለጉ የወጥ ቤት ሚዛን ይጠቀሙ። ከመለኮስዎ በፊት ይመዝኑት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመዝኑት። 18 ግራም ከቀነሰ በሰዓት 6 ግራም ይበላል፤ 200 ግራሙ፣ ከታች የሚተወው ተቀንሶ፣ 30 ሰዓት ገደማ ነው።

“ባዶውን ብርጭቆ በቢላ ፍቆ፣ አዲስ ሻማ መሙላት ይቻላል”

ቢላ ይጭረዋል፤ የተጫረ ብርጭቆ ሲግል የሚሰነጠቀው በዚያችው ጭረት ነው። የሞቀ፣ ግን ያልፈላ ውሃ ይጨምሩበት። ሰሙ ቀልጦ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እንደ ክዳን ጠጥሮ ይነሣል። ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይጣል እንጂ ማጠቢያው ላይ አይደፋ፤ ቧንቧው ውስጥ ጠጥሮ ይዘጋዋል። ከዚያ ብርጭቆውን በሳሙና አጥበው እስክሪብቶ ወይም ጥጥ ያስቀምጡበት። ዳግመኛ እሳት አይግባበት።