ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከሚኖረው ማኅበረሰባችን ብዙ ወጣት፣ ሥራና ትምህርት አጣምሮ የያዘ ጎልማሳም ጭምር፣ የአሜሪካን ከፍተኛ ትምህርት የሚጀምረው በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም በኖቫ፣ ወይም ሜሪላንድ በሚገኘው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአነስተኛ ክፍያ ተምሮ ቀሪውን በዩኒቨርሲቲ ማጠናቀቅ መልካም ዕቅድ ነው፤ ዕቅዱን የሚያበላሹት ግን ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ የኖሩ፣ ማንም ያላጣራቸው ወሬዎች ናቸው።

«ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቶቼን ሁሉ ስለተቀበለልኝ የቀረኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነው» የሚለው ግምት ከሁሉም በላይ ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል። ክሬዲት፣ ማለትም ለተጠናቀቀ ኮርስ የሚሰጠውን የትምህርት ነጥብ፣ መቀበልና ክሬዲቱን ለተመረጠው ዲግሪ መቁጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ኮርስ ተቀባይነት ቢያገኝም በግምገማው ወረቀት ላይ በነፃ ምርጫ ኮርስነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለባችለር ዲግሪ ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ቁጥሩን ያሟላል እንጂ የትምህርት ክፍሉ ከሚጠይቃቸው ኮርሶች አንዱንም አይተካም። ለምሳሌ በኖቫ ኤምቲኤች 161 የሚባለውን ቅድመ ካልኩለስ የወሰደ ተማሪ ኮምፒውተር ሳይንስ ለማጥናት ቢዛወር፣ ትምህርት ክፍሉ የሚጠብቅበት ከኤምቲኤች 263 የሚጀምረውን ካልኩለስ ነው፤ ካልኩለስ አንድ ሳይታለፍ ደግሞ ካልኩለስ ሁለት ስለማይወሰድ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሴሚስተር ይበላል። 60 ክሬዲት ይዞ የገባው ይህ ተማሪ በመዝገብ የሦስተኛ ዓመት፣ በትምህርት ክፍሉ ዘንድ ግን ገና ጀማሪ ነው። መፍትሔው ከምዝገባ በፊት እያንዳንዱ ኮርስ በሚዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ እንደሚተካ መመልከት ነው፤ ለዚህም ቨርጂኒያ ውስጥ ትራንስፈር ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የተባሉ የመረጃ ቋቶች ለማንም ክፍት ናቸው። የኮሌጁ አድቫይዘር ከኮሌጁ እንዴት እንደሚመረቁ ያውቃል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ትምህርት ክፍል ምን እንደሚፈልግ ግን መጠየቅ ያለበት ራሱ ትምህርት ክፍሉ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው «ማንኛውም የሁለት ዓመት ዲግሪ ያዛውራል» የሚለው እምነት ነው። አሶሺየት ኦፍ አርትስ እና አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ ለመዛወር የተቀረጹ ሲሆኑ፣ አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ በዋነኛነት በቶሎ ሥራ ለመያዝ የታሰበ በመሆኑ ብዙዎቹ ኮርሶቹ ዩኒቨርሲቲ ላይ ቦታ አያገኙም። ነርሲንግ እዚህ ላይ ለየት ይላል፤ በዚህ ዲግሪ ተመርቀው የነርስነት ፈቃድ የያዙ ሰዎች ወደ ባችለር የሚያሸጋግር የራሳቸው መንገድ አላቸው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማጠናከሪያ ኮርሶች በአመዛኙ ለዲግሪ አይቆጠሩም።

ውጤትን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይሰማሉ። አንዱ በኮሌጅ የተገኘው ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤት፣ ተከትሎ ይሄዳል የሚለው ነው፤ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሻገረው ክሬዲቱ ብቻ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሲ እና ከዚያ በላይ ለተገኘበት ኮርስ ነው፤ አዲሱ ጂፒኤ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛውና አደገኛው «ያኛው ኮሌጅ ውጤቴ መጥፎ ስለነበር አልጠቅሰውም» የሚለው ነው። ማመልከቻው የተማሩባቸውን ተቋማት ሁሉ ይጠይቃል፤ የምዝገባ ታሪክም በአገር አቀፍ የመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚቀመጥ የተደበቀው ሲገኝ ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል። የወደቀ ኮርስን በአጭር ደብዳቤ ማስረዳት ከመደበቅ እጅግ ይሻላል።

«የተረጋገጠ ቅበላ» የሚባለው ስምምነትም በእርግጥ ከሚሰጠው በላይ ተለጥጦ ይወራል። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያሉት እነዚህ ስምምነቶች የተወሰነ ጂፒኤ፣ የመዛወሪያ ዲግሪና በጊዜ የገባ ማመልከቻ ይጠይቃሉ፤ የሚያረጋግጡትም ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መግባትን እንጂ እንደ ኢንጂነሪንግ ባሉ ተፈላጊ የትምህርት ክፍሎች ቦታ ማግኘትን አይደለም። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. የጀመረው አድቫንስ መርሐ ግብር ከዚህ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ባችለር ዲግሪው ያሉት ኮርሶች አስቀድመው ተዘርዝረው ይሰጣሉ።

ስለ ገንዘቡ የሚታለፈው ነገር ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሌላ ግዛት መዛወር ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ወደ ሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር የሚከፍለው የሌላ ግዛት ነዋሪ ክፍያ ነው፤ የነዋሪነት መብት በአጠቃላይ ቢያንስ የ12 ወራት ኑሮን ስለሚጠይቅ በመዛወሪያው ሰሞን ቤት መቀየር አይረዳም። ፔል ግራንት የተባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍም በራሱ አይከተልም፤ አዲሱን ዩኒቨርሲቲ ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። በዕድሜ ልክ የሚፈቀደውም የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሆነ ለማይቆጠሩ ኮርሶች የዋለው ሁሉ ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

«አገር ቤት የተማርኩት ዋጋ የለውም» ብለው ትራንስክሪፕታቸውን ሳጥን ውስጥ የሚተዉም አሉ። እንደ ደብልዩኢኤስ ባለ ገምጋሚ ድርጅት በኮርስ በኮርስ ካስገመገሙት ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክሬዲትም ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። የወጪ መጋራት ዕዳ ያልከፈለ ተማሪ ግን ከዩኒቨርሲቲው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለማስላክ ስለሚቸገር፣ ጉዳዩን ከማመልከቻው ቀን ወራት ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ፣ በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ያሉ ተማሪዎች አዲስ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛልና ሄጄ ልመዝገብ ማለት አይችሉም። ነባሩ ትምህርት ቤት ሴቪስ በተባለው የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መከታተያ ሥርዓት ያለውን መዝገባቸውን በተወሰነ ቀን መልቀቅ፣ አዲሱም አይ 20 የተባለውን ለቪዛው የሚያስፈልግ የተማሪነት ማረጋገጫ ቅጽ ማውጣት አለበት፤ በሁለቱ መካከል ትምህርት የሚቋረጥበት ጊዜም ከ5 ወር ሊበልጥ አይገባም። የሴቪስ ክፍያ ለዚህ ዝውውር ድጋሚ አይከፈልም።