አካውንት ሲዘጋ ሽማግሌ አለው? ከፍርድ ቤት ውጭ የሙግት መፍቻ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሥራዬ ማተምና ስካን ማድረግ ነው። ግን ሰው ኮምፒውተር አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ አዋቂ ስለሚመስለው፣ ስልኩ እምቢ ያለው ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ጥቅምት ላይ አንድ ሐሙስ፣ በገበያው ምክንያት ባጃጁ መንገዱን ዘግቶት ሳለ፣ አንድ በርጩማ ሠሪ ልጅ ገባ። ስልኩ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አካውንትህ የማኅበረሰብ መመሪያችንን ስለጣሰ ታግዷል ይላል።

"ጋሼ፣ ምን ጥሼ ነው?" አለኝ።

እኔ ምን አውቄ። ልጁ የሚለቀው የጅማን በርጩማ ነው፤ ያንን ሦስት እግር ያለውን፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን። ቪዲዮው ላይ መጥረቢያ አለ፣ መሮ አለ፣ አባቱ ከጀርባ "ቀስ በል" ሲሉት ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። ምናልባት ማሽኑ መጥረቢያውን አይቶ ደንግጦ ይሆናል። ግምቴ ነው፤ ድርጅቱ ምክንያቱን አልጻፈለትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ደንበኛ፣ ከአዲስ አበባ ለካፌ በርጩማ የሚያዝዙት ሰዎች ቁጥር ሳይቀር፣ እዚያው አካውንት ውስጥ ነበር።

ነገሩን የሚገርም ያደረገው እኅቱ ናት። ፍራንክፈርት ትኖራለች፣ የወንድሟን ቪዲዮዎች በራሷ ገጽ ትለቅ ነበር፣ የእሷም በዚያው ሳምንት ተዘጋ። እሷ ግን አንድ ወሬ ሰምታለች። "ፍርድ ቤት ያልሆነ፣ ግን የሚዳኝ ቦታ አለ አሉኝ፣ እውነት ነው?" ብላ በቴሌግራም ደወለች።

እውነት ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ከፍርድ ቤት ውጭ የሙግት መፍቻ አካል ይባላል። ቋንቋው የጠበቃ ይመስላል እንጂ ነገሩን እዚህ አገር የማያውቀው የለም። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ ፖሊስ ጋ ከመሄድ በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በዚህ በእኛ በኩል ጃርሱማ የምንለው ማለት ነው። ሽማግሌው የሁለቱም ወገን አይደለም፣ የሁለቱንም ይሰማል፣ ከዚያ "አንተ አጥፍተሃል፣ መልስለት" ይላል። አውሮፓውያን ያደረጉት ይህንኑ በሕግ መጻፍ ነው፤ በአንድ በኩል ተጠቃሚው፣ በሌላ በኩል ግዙፉ ድርጅት።

ሕጉ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፣ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ከየካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024) ጀምሮ ነው። አንቀጽ 21 ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። ከእሱ በፊት ያሉት አንቀጾች ግን መታወቅ አለባቸው፣ ያለ እነሱ ሽማግሌው ነገሩን የሚይዝበት የለውም። አንቀጽ 17 ድርጅቱ ሲያግድህ ምክንያቱን በግልጽ ጽፎ እንዲሰጥህ ያዛል። "መመሪያ ጥሰሃል" ብቻ ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ የትኛውን መመሪያ፣ በየትኛው ነገር፣ ውሳኔው በማሽን ተሰጥቶ እንደሆነ ጭምር መናገር አለበት። አንቀጽ 20 ደግሞ በድርጅቱ ውስጥ በነፃ ቅሬታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። ለዚህ ቢያንስ 6 ወር አለህ፣ መልሱንም ማሽን ብቻውን ሊሰጠው አይችልም፣ ሰው ማየት አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተፈታ ወደ ሽማግሌዎቹ ይኬዳል። መራጩ ተጠቃሚው ነው፣ ድርጅቱ አይደለም። ይህን እወደዋለሁ፤ እዚህ አገር እንኳ ሽማግሌ ሲመረጥ ሀብታሙ ወገን የራሱን ሰው ሲያስገባ ስንት ጊዜ አይተናል። አካላቱ የግል ድርጅቶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን በየአገሩ ያለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከመድረኮቹ (ፌስቡክን ከመሳሰሉት) ነፃ መሆናቸውን አይቶ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፣ የአውሮፓ ኮሚሽንም ዝርዝራቸውን በድረ ገጹ ያወጣል። ደብሊን ያለው አፒልስ ሴንተር ዩሮፕ አንዱ ነው፣ በርሊን ያለው ዩዘር ራይትስ ሌላው። ሁሉም ሁሉንም አይቀበሉም። አንዱ ይህን መተግበሪያ ብቻ ያያል፣ ሌላው ያንን፣ አንዱ በዚህ ቋንቋ ይሠራል፣ ሌላው በዚያ፣ ስለዚህ ቅጽ ከመሙላት በፊት ዝርዝሩን ማንበብ ነው።

ገንዘቡስ? ለተጠቃሚው ነፃ ነው፣ ካልሆነም ለስሙ ያህል የምትከፈል ትንሽ ገንዘብ ናት። ዋናውን ወጪ የሚሸከመው ድርጅቱ ነው። ተጠቃሚው ከረታ የከፈለውም ይመለስለታል፤ ቢሸነፍ እንኳ ሆን ብሎ ለማጭበርበር ካልመጣ በቀር የድርጅቱን ወጪ ክፈል አይባልም። ውሳኔው ፋይሉ ከደረሳቸው በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ነገሩ በጣም ከተወሳሰበ እስከ 180 ቀን ይራዘማል።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። ውሳኔው አስገዳጅ አይደለም። ድርጅቱ በቅን ልቦና ቀርቦ መነጋገር አለበት ይላል ሕጉ፣ ውሳኔውን ግን ልቀበል አልቀበል የራሱ ጉዳይ ነው። "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?" አለ ልጁ፣ ልክ ነበር። የእኛ ሽማግሌ ወረቀት ላይ የሰፈረ ኃይል ባይኖረውም የሚፈራ ነገር አለው፤ እምቢ ያልከው ሽማግሌ ነገ ሠርግህ ላይም ለቅሶህ ላይም ይገኛል። ድርጅት ለቅሶ የለውም። ግን ከንቱ ነው ብዬ አልተውኩትም። ድርጅቱ በራሱ ገንዘብ ስህተቱ ሲነገረው አንዳንዴ ፋይሉ እንደደረሰው ራሱ ይከፍተዋል፣ ከክርክር ይልቅ መክፈት ስለሚቀልለው። ጉዳዩ ካልጣመህም ፍርድ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ሽማግሌ ጋ መሄድህ ክስ አይከለክልህም።

ልጁ ፈገግ ብሎ "እኔም ልሙላ" አለ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተሰበረው። ሕጉ የሚሠራው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚኖሩ ወይም ለሚገኙ ተጠቃሚዎች ነው። ዜግነት አይጠየቅም፤ እኅቱ የጀርመን ፓስፖርት ባይኖራትም ነዋሪ መሆኗ ይበቃል። ጅማ ግን አውሮፓ አይደለችም። ለንደን ያለ ዘመድም አይሆንም፣ እንግሊዝ ከኅብረቱ ወጥታለች። ያው ቪዲዮ፣ ያው መጥረቢያ፣ የአንዷ በር አለው የአንዱ የለውም። እሷ የእሱን አካውንት በራሷ ስም ልታስከፍትለትም አትችልም።

እኛ ጋ ምን አለ ካላችሁ፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። እሱ የሚያወራው መድረኮች የተጠቆሙትን ክፉ ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ ነው። ያለ ጥፋቱ ለወረደበት ሰው የሚሆን ሽማግሌ ግን አላቆመም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ አለ፣ ጥሩ አዋጅ ነው፣ ግን ግልግል ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ከበርጩማ ሠሪ ጋር ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ልገላገል የሚልበት ቀን ገና ነው።

ስለዚህ ከጅማ ሆኖ የሚሞከረው የድርጅቱ የራሱ ይግባኝ ነው። ፌስቡክና ኢንስታግራም ለታገደ አካውንት 180 ቀን ይሰጣሉ፣ ካለፈ በቃ። ለእነዚህ ለሜታ መድረኮች ኦቨርሳይት ቦርድ የሚባልም አለ፤ ሜታ ራሱ ያቋቋመው ነው፣ ከማንኛውም አገር ይጻፍለታል። ግን በዋናነት የሚያየው ስለ ወረደ ወይም ሳይወርድ ስለ ቀረ ጽሑፍና ቪዲዮ ነው እንጂ ስለ ታገደ አካውንት አይደለም፤ ተስፋችሁን በሙሉ አትጣሉበት። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አቤቱታ ደርሶት ውሳኔ የሰጠው በ20 ጉዳይ ብቻ ነው። ከእነዚያ አንዱ ስለ ራያ ቆቦ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር፤ ቦርዱ ጽሑፉ መውረዱን ደገፈ፣ ሜታንም መድረኮቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ለጥላቻ እንዴት እንደዋሉ በገለልተኛ ወገን አስጠና አለው። ቦርዱ የሚመርጠው እንዲህ ብዙ ሰው የሚነካውን ነው። የአንድ በርጩማ ሠሪ ገጽ እዚያ መድረሱን እንጃ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነገርኩት፣ ለእናንተም ያው። "አካውንት አስመልሳለሁ" የሚል የቴሌግራም ደላላ ጋ እንዳትሄዱ። ልጁ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት አንዱ ሦስት ሺህ ብር ጠይቆት ነበር፣ ከዚያም በኤስኤምኤስ የምትመጣዋን ኮድ። ኮድ የሚጠይቅ ሰው አስመላሽ አይደለም፣ ሌባ ነው። አዲስ አካውንት ከፍቼ ልቀጥል የሚለውም አያዛልቅም፤ ብዙዎቹ መድረኮች እገዳ ማምለጥ ብለው ሁለተኛውንም ይዘጉታል፣ ዋናውን ይግባኝም ያበላሻል።

ያን ቀን ከእኅቱ ጋር በስልክ ሆነን የእሷን ሞላን። የእገዳው መልዕክት ፎቶ፣ ቀኑ፣ ለድርጅቱ የጻፈችው ቅሬታና የመጣላት መልስ፣ የቪዲዮው ቅጂ። እንደ ዕድል ቪዲዮው የልጁ ሜሞሪ ካርድ ላይ ነበር፣ እሷ ጋ አንድም አልቀረም። ማብራሪያውን ረዥም አድርጋ፣ ስድብ ሳይቀር ጨምራ ጽፋው ነበር፤ ወደ ስድስት መስመር አወረድነው። ይህ የእጅ ሥራ ነው፣ መሣሪያው የአናጢ ነው፣ የሚጎዳ ሰው የለም፣ የትኛው መመሪያ እንደተጣሰ አልተነገረኝም። በቃ። የእሱንም ይግባኝ እዚያው ላክን።

ሰባት ሳምንት አለፈ። የእሷ ተከፈተ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይወስኑ፣ ድርጅቱ ራሱ ስህተት ነበር ብሎ። የእሱ እስካሁን "እየታየ ነው" ይላል። አሁን በርጩማዎቹን የምትለቀው እኅቱ ናት፣ ዋጋውንም በዩሮ እየጻፈችው ነው፣ እሱም በየሳምንቱ እኔ ጋ እየመጣ "ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ገባ?" እያለ ምንዛሬ ያስመታኛል።